ድንበር የተሻገረ ሙያ

የሙያ ማስረጃ እውቅና ማለት አንድ ሰው በአንድ አገር ተምሮ፣ ተፈትኖና ሠርቶ ያገኘውን ችሎታ ሌላ አገር መርምሮ የሚቀበልበት ሥርዓት ነው። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ መምህርና ጠበቃ አገር ሲቀይሩ በዚህ ሥርዓት በኩል ያልፋሉ፤ ብዙዎችም እዚያው ላይ ይቀራሉ።

የዚህ ምሽት አዘጋጆች በጥሪያቸው ላይ ያሰፈሩት ጥያቄ አጭር ነው፦ አገር ቤት ሐኪም የነበረ ሰው አሜሪካ ሲደርስ ሐኪም መሆኑ የሚቀረው ለምንድን ነው? ዲስኩሩ መጀመሪያ እውቅና የሚባለው ነገር ምን ምን እንደሆነ ይለያል። ከዚያ ወረቀቱ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ የሚሄድበትን መንገድ ይከተላል፤ ቀጥሎ ሙያዎቹን በየተራ ያነሣል፤ በመጨረሻም ሌሎች አገሮች ያደረጉትንና ኢትዮጵያ ልታደርግ የምትችለውን ይመለከታል። በየምዕራፉ የሚመላለሰው ሐሳብ ግን አንድ ነው። ባለሙያን መመዘን ተገቢ ነው፤ ሊመዘን የሚገባው ግን ሰውየው ዛሬ መሥራት የሚችለው ነገር ነው፤ ዓመታት የሚፈጅ ምዘና ደግሞ የሚመዝነውን ችሎታ ራሱን ያጠፋዋል። ተለይቶ ካልተነገረ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እውቅና በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ሦስት ውሳኔዎች አሉት፤ ሦስቱንም የሚወስኑት የተለያዩ ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያው የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህን የሚሠራው መንግሥት አይደለም። በ1974 እንደተቋቋመው ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ያሉ ድርጅቶች ዲግሪና ትራንስክሪፕት ተመልክተው «ይህ ከአሜሪካ የባችለር ዲግሪ ጋር አቻ ነው» የሚል ሪፖርት ይጽፋሉ። ሪፖርቱ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትና ፈቃድ ለማይጠይቅ ሥራ ለመቀጠር ይጠቅማል። በሽተኛ ለማከም ወይም የድልድይ ንድፍ ላይ ለመፈረም ግን አይበቃም። ለዚያ ሁለተኛው ውሳኔ ማለትም የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሰጠው የየስቴቱ ቦርድ ነው። ሦስተኛው የአሠሪው ውሳኔ ነው። ማስረጃው ተገምግሞ፣ ፈቃዱም ተገኝቶ፣ አሠሪው «የአሜሪካ የሥራ ልምድ የለህም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚያባክኑት እነዚህ ሦስቱ ሳይለዩ ሲቀሩ ነው። ግምገማ አስደርጎ ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው ካላመለከተበት መሥሪያ ቤት መልስ እንደሚጠብቅ ማወቅ ይኖርበታል።

ፈቃድ የስቴት ሥልጣን መሆኑ የቆየ ነገር ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዴንት የተባለ ሐኪም ከዌስት ቨርጂኒያ ጋር በተከራከረበት የ1889 ውሳኔው ስቴቶች ሐኪሞችን ፈቃድ አውጡ ብለው ማስገደድ እንደሚችሉ አጽንቷል። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ የሚጠይቀው ሥራ እየሰፋ ሄደ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ ሠራተኛ ውስጥ የስቴት ፈቃድ የሚያስፈልገው ከ5 በመቶ ያነሰው ነበር፤ በ2008 ሩብ ያህሉ ሆኗል፤ ዛሬ ፀጉር ለመሥራት እንኳ ፈቃድ ይጠየቃል። እንግዲህ አገር ውስጥ የመኖርና የመሥራት መብት የሚሰጠው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በሙያ የመሥራት መብት የሚሰጠው ስቴት ነው፤ አንዱ የሰጠው ሌላውን አያስገድድም።

ይህ ክፍተት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ዲቪ በሚባለው የቪዛ ዕጣ ጎልቶ ይታያል። በ1990 የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረው ዲቪ ከአመልካች የሚጠይቀው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቅን ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሥራ ላይ የሁለት ዓመት ልምድን ብቻ ነው። ዕጣው የወጣላት ነርስ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ ፓርኪንግ የመሥራት፣ ሱቅ የመሸጥ፣ መኪና የመንዳት መብት አላት። የተማረችውን ነርስነት ግን የመሥራት መብት የላትም።

የፈቃድ ሥርዓት መኖሩ በራሱ በደል አይደለም። ታካሚ በማያውቀው ሰው እጅ ሕይወቱን ሲያኖር ያ ሰው መመዘኑን ማወቅ ይገባዋል። ሐኪምም አገር ሲቀይር በእውነት አዲስ የሚማረው ነገር አለ። አገር ቤት ፓራሲታሞል የሚባለው አሜሪካ ውስጥ አሲታሚኖፌን ነው፤ አድሬናሊን ኤፒነፍሪን ይባላል። ከስም ይልቅ የሚከብደው የአሠራር ልዩነቱ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከባድ የምርመራ ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ቤተሰቡን ለብቻ ጠርቶ ያማክራል፤ ታካሚው እንዳይደነግጥ ወሬው በዘመድ በኩል ቀስ ብሎ ይደርሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ውጤቱን መጀመሪያ የሚሰማው ታካሚው ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለዘመድ መንገርም ሐኪሙን በሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል። ይህን ሳይማሩ ሥራ መጀመር አይገባም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ልዩነት በሥራ ላይ፣ በኃላፊ ክትትል፣ በወራት ውስጥ የሚያዝ ነው፤ ለዚህ ሲባል አሥር ዓመት ከሙያ መራቅ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ወረቀቱ መንገድ እንለፍ። ይህ ክፍል አድማጮች ከማንም በላይ የሚያውቁት ነው። ገምጋሚ ድርጅቶችና ቦርዶች በአመልካቹ እጅ ያለ ሰነድ ብቻውን አይበቃቸውም፤ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ታሽጎ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ። ከኢትዮጵያ የወጣ ባለሙያ በእጁ የሚገኘው ግን ብዙውን ጊዜ ቴምፖ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃና ስቱደንት ኮፒ ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ እህት ወይም ወንድም ውክልና ይዞ ይሮጣል። ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ከሆነ የአዲስ አበባው ዘመድ ሥራ አስፈቅዶ መንገድ ይገባል። ሰነዱ ተልኮም ገምጋሚው የሚጠይቀው አንድ ማኅተም ወይም ፊርማ ጎድሎ ከተገኘ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ከዚህ ጋር የወጪ መጋራት ጉዳይ አለ። በ2003 በወጣው ደንብ መሠረት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከትምህርቱ ወጪ ከፊሉን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል፤ ዕዳውን ሳይዘጋ ዋናውን ዲግሪ ማውጣት አይችልም። ግዴታቸውን በገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት እንዲወጡ ውል የገቡ ሐኪሞችም ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ከሄዱ ማስረጃቸው ተይዞ ይቀራል። አገር ያስተማረችውን ሰው ዕዳ መጠየቋ መብቷ ነው፤ ከድሃ ገበሬ ግብር የተማረ ሰው ይህን ሊክድ አይገባውም። ሆኖም ማስረጃ መያዝ ዕዳ ለማስመለስ የሚበጅ መንገድ አይደለም። በሙያው ሠርቶ በዶላር ሊከፍል የሚችለውን ሰው በዝቅተኛ ደመወዝ ላይ ያስቀራል፤ ዕዳውም አይከፈልም፣ ሙያውም አይዳንም። ባሉበት ሆኖ መክፈልን ማቅለልና ክፍያው እንደገባ ሰነዱን መልቀቅ ለሁለቱም ወገን የተሻለ ነበር።

ስምም ራሱን የቻለ መሰናክል ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። ዲግሪው ላይ በሁለት ስም የተጻፈ ሰው ፓስፖርቱ ላይ በሦስት ስም ይጻፋል፤ ግሪን ካርዱ ላይ ደግሞ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመጣል። ፀሐይ ወይም ጌታቸው የሚባል ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየሰነዱ ሌላ መልክ ይይዛል። ከጋብቻ በኋላ የባሏን ስም የወሰደች ባለሙያ ሌላ ልዩነት ይጨመርባታል። የዘመን አቆጣጠሩም ይከተላል። በ1998 ዓ.ም. ሰኔ የተመረቀ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረቀው በ2006 ነው፤ አንዱ ሰነድ በአንደኛው፣ ሌላው በሌላኛው ዘመን ከተጻፈ ለገምጋሚው የ8 ዓመት ልዩነት ይታየዋል፤ ሰነዱም ይጠረጠራል። እዚህ ላይ የሐሰተኛ ማስረጃ ነጋዴዎች የሠሩት ጥፋት ሳይነሣ አይታለፍም። የተገዛ ዲግሪ በተገኘ ቁጥር ከዚያ አገር የሚመጣ ንጹሕ ሰነድ ሁሉ ምርመራው ይጠብቅበታል፤ የሌላውን ማጭበርበር ዋጋ የሚከፍለው ሌሊት ሲያጠና ያደረው ተመራቂ ነው።

በወረቀቱ ላይ ስለሚታየው የትምህርት ርዝመትም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ1994 ባወጣችው የትምህርት ፖሊሲ መሠረት የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ፣ ማለትም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፤ ብዙ የዲግሪ ፕሮግራሞች ከ4 ወደ 3 ዓመት አጠሩ። ይህ እስከ 2019ኙ ለውጥ ድረስ ቆየ። ከኢትዮጵያ አንጻር የተማሪው ጠቅላላ የትምህርት ዘመን አልተቀነሰም፤ ቦታው ብቻ ተዛወረ። የአሜሪካ ገምጋሚ ግን የሚቆጥረው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሳለፈውን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ባለ 3 ዓመቱ ዲግሪ ከሙሉ ባችለር ያነሰ ተብሎ ሊወጣ ይችላል። የትኛው ድርጅት ምን እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ወረቀቱ ጭራሽ የማይገኝበት ጊዜም አለ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በትግራይ በነበረው ጦርነት ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ በተቋረጡባቸው ወራት ከመቀሌ ማስረጃ ማስመጣት የማይታሰብ ነበር። በስደት ድንበር በእግር የተሻገረም ሰው ዲግሪውን በኪሱ ይዞ አይደለም የሚወጣው።

ሦስተኛው ጉዳይ ሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከእነርሱም ረጅሙ የሐኪሙ መንገድ ነው። ውጭ አገር የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ የሚያጣራው ኢሲኤፍኤምጂ የተባለው ተቋም በ1956 ተመሠረተ። ሐኪሙ የሕክምና ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፉ መዝገብ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ የሚባሉትን ፈተናዎች ያልፋል፤ ትምህርቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ተምሮም ቢሆን ለጤና ባለሙያ የተዘጋጀውን የእንግሊዝኛ ፈተና ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ተሟልቶ የሚገኘው ሰርተፍኬት ፈቃድ አይደለም፤ ሬዚደንሲ ለሚባለው የሆስፒታል ሥልጠና ለማመልከት ብቻ ያበቃል። ሬዚደንሲ አጭሩ 3 ዓመት ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ ማግኘት ለረጅም ጊዜ ከሞላ ጎደል የማይቻል ነበር።

ሬዚደንሲ የሚገኘው በየዓመቱ መጋቢት ወር ውጤቱ በሚታወቀው ማች በሚባለው ድልድል ነው። በቅርብ ዓመታት ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሚመረቁት መካከል ከ100 93 ያህሉ ቦታ ያገኛሉ፤ ዜግነታቸው አሜሪካዊ ካልሆነ የውጭ ምሩቃን መካከል ቦታ የሚያገኙት ከ100 60 አይሞሉም። አንዱ ምክንያት የቦታው ማነስ ነው። ለሬዚደንሲ ዋናውን ገንዘብ የሚሰጠው ሜዲኬር የተባለው የፌዴራል የጤና መድን ነው፤ ኮንግረስ በ1997 ባወጣው የበጀት ሕግ ሜዲኬር ለየሆስፒታሉ የሚከፍልበትን የሬዚደንት ቁጥር በነበረበት ገደበው። ሌላው ምክንያት ብዙ ፕሮግራሞች የአመልካቾችን ክምር የሚያጠሩበት መስፈርት ነው፤ ከተመረቀ 5 ዓመት ያለፈውን ማመልከቻ ሳያነቡ ይጥሉታል። እዚህ ላይ ሥርዓቱ ከራሱ ዓላማ ጋር ይጋጫል። ጎንደር ወይም ጅማ 15 ዓመት ያከመ፣ በሌሊት ተረኝነት ብቻውን ቀዶ ሕክምና የሠራ፣ ወባንና ሳንባ ነቀርሳን በየቀኑ ያየ ሐኪም ልምዱ እንደ ልምድ አይታይለትም፤ የምረቃ ዘመኑ እንደራቀ ብቻ ይቆጠርበታል። ብዙ የሠራው ትናንት ከተመረቀው ያነሰ ዕድል አለው። ስቴፕ ዋን እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስ በነጥብ ይታረም ስለነበር የውጭ ተመራቂ በከፍተኛ ነጥብ ራሱን ማሳየት ይችል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ፈተናው «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ስለሚል ያም መንገድ ጠቧል።

ይህም ሆኖ በሩ የተዘጋ አይደለም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከሚያክሙት ሐኪሞች ሩብ ያህሉ የሕክምና ትምህርታቸውን የጨረሱት ሌላ አገር ነው፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን በየሆስፒታሉ ይገኛሉ። የሚያሳዝነው ያላለፉት ሁሉ ሳይችሉ የቀሩ አለመሆናቸው ነው። አንዳንዱ የፈተናውን ክፍያና የቤት ኪራዩን አንድ ላይ መቻል አቅቶት፣ አንዳንዷ ሕፃን እያሳደገች ማጥናት አልሆን ብሏት፣ ሌላው ስለ ማች አሠራር የሚነግረው አጥቶ ነው የቀረው።

የነርሷ መንገድ አጠር ይላል፤ በንጽጽር ፍትሐዊም ነው። የነርሶችን ማስረጃ የሚያጣራው ሲጂኤፍኤንኤስ በ1977 ተቋቋመ። ነርሷ ከተገመገመች በኋላ የምትፈተነው አሜሪካ የተማረችው ነርስ የምትፈተነውን ያንኑ ኤንክሌክስ የተባለ ፈተና ነው፤ ካለፈች ፈቃድ ታገኛለች፤ እንደገና ዓመታት ተማሪ አትባልም። መሰናክሉ ያለው ከፈተናው በፊት ነው። ቦርዱ በውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ጤና የተማረችበትንና የተለማመደችበትን ሰዓት ለየብቻ ይቆጥራል፤ አንዱ ካነሰ ኮሌጅ ገብታ እንድታሟላ ያዛታል። በዚህ መካከል ብዙዎች በነርስ ረዳትነት (ሲኤንኤ) ወይም ሆም ኬር ይሠራሉ። ሥራው የተከበረ ነው፤ ከበሽተኛ አልጋም አያርቃትም። መርፌ መውጋትና መድኃኒት መስጠት ግን አይፈቀድላትም።

ፋርማሲስቱን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ነው። ከጥር 1 ቀን 2003 ወዲህ የተመረቀ የውጭ ፋርማሲስት ለማስረጃ ማጣሪያው ለማመልከት የፋርማሲ ፕሮግራሙ ቢያንስ 5 ዓመት መሆን አለበት። ባለ 4 ዓመት ፕሮግራም የጨረሰ ሰው እውቀቱ ቢመዘን ቢያልፍም ሊመዘን እንኳ አይቀርብም። ወረቀት ከችሎታ የሚቀድምበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

መሐንዲሱ ከሁሉ ነፃ ነው ሊባል ይችላል። በግል ኩባንያ ውስጥ ለመቀጠር ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ንድፍ ላይ ፈርሞ ኃላፊነት ለመውሰድ ነው። ለምህንድስና ዲግሪዎች የእርስ በርስ እውቅና የሚሰጠው የዋሽንግተን ስምምነት በ1989 ተፈርሟል፤ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ስላልሆነች ዲግሪው ለየብቻ ይገመገማል። የሒሳብ ባለሙያው ሲፒኤ ለሚባለው የሙያው ፈቃድ ሲያመለክት 150 የክሬዲት ሰዓት እንዲያሟላ የቆየው ደንብ በብዙ ስቴቶች ሊያጋጥመው ይችላል፤ ያን ጊዜ ባለ 3 ዓመት ዲግሪው ላይ ተጨማሪ መማር ይኖርበታል። ጠበቃው ሌላ ችግር አለው፤ ሕግ እንደ ሕክምና ከአገር አገር አንድ አይደለም። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1960ው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረቱ የአውሮፓ አህጉራዊ ሕግ ነው፤ የአሜሪካው ሥርዓት የእንግሊዝ ልጅ ነው። እዚህ ላይ እንደገና መማር ምክንያት አለው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ብዙዎች ኤልኤልኤም የሚባለውን የሕግ ማስተርስ ተምረው ለጠበቆች ፈቃድ ፈተና የሚቀመጡትም ለዚህ ነው።

የሚጠፋው የሰውየው ኑሮ ብቻ አይደለም። የማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በ2016 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮሌጅ የጨረሱ ስደተኞች ሥራ አጥ ናቸው ወይም ከትምህርታቸው እጅግ በታች በሆነ ሥራ ላይ ናቸው፤ በዚህ ምክንያት በየዓመቱ ሳይከፈላቸው የሚቀረው ደመወዝ 39 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበው የጊዜው ጉዳይ ነው። የቀዶ ሐኪም እጅ እንደ ቢላዋ ነው፤ ካልተሳለ ይዶለድማል። በሦስተኛው ዓመት ላይ አንድ ወር ክትትል የሚበቃው ሐኪም በአሥረኛው ዓመት ላይ በእውነት እንደገና መማር ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ቦርዱ «ከሥራ ርቀሃል» ሲለው እውነቱን ነው፤ ያራቀው ግን ሥርዓቱ ነው።

አራተኛው ጉዳይ መፍትሔ የተሞከረባቸው ቦታዎች ናቸው። የቅርቡ እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ዌልካም ባክ የሚባለው ሥራ በሆሴ ራሞን ፈርናንዴዝ ፔኛ አማካይነት በ2001 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተጀመረ፤ ውጭ አገር የተማሩ የጤና ባለሙያዎችን ወደ ሙያቸው የሚመልስ ሲሆን ሞንትጎመሪ ካውንቲም ማዕከሉ አለው። እንዲህ ያለ ማዕከል የሚሠራው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ባለሙያው የትኛው ሰነድ እንደጎደለው፣ የትኛውን ፈተና መጀመሪያ መውሰድ እንዳለበት፣ የት ሊለማመድ እንደሚችል አብሮት ተቀምጦ ያቅዳል። ለብቻው ለሚደናበር ሰው ዓመታት የሚያተርፍለት ይህ ነው።

በሕግ ደረጃ ትልቁን እርምጃ የወሰደችው ቴነሲ ናት። በ2023 ባወጣችው ሕግ በሌላ አገር ሠልጥነው የሠሩ ሐኪሞች ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በሆስፒታል ክትትል ሥር በጊዜያዊ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀደች። ቨርጂኒያን ጨምሮ ሌሎች ስቴቶች ተከተሏት። የእነዚህ ሕጎች ጥቅም ምዘናውን ወደ ሥራው ቦታ ማምጣታቸው ነው፤ ሐኪሙ እየሠራ ይታያል፣ እየታየ ይወሰናል። እስራኤልም በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች በመጡባት ጊዜ ረጅም ልምድ ያላቸውን ከፈተና ነፃ አድርጋ ለወራት በክትትል እንዲሠሩ በማድረግ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች።

የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2006 የሙያ ማኅበራት ለአመልካቾች ግልጽና ፍትሐዊ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች። በ2021 ደግሞ ከጤና ውጪ ባሉ ብዙ ሙያዎች «የካናዳ የሥራ ልምድ» የሚለውን መስፈርት ከለከለች፤ የመሐንዲሶቹ ማኅበር በ2023 አነሣው። ሥራ ሳይሰጡ የሥራ ልምድ መጠየቅ ሰውን በክብ መንገድ ማዞር ስለሆነ ይህ ክልከላ የሚያስመሰግን ነው።

በአሠራሩ ጥራት የተሻለው ግን የጀርመን ሕግ ነው። ከሚያዝያ 1 ቀን 2012 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የእውቅና ሕግ አመልካቹ ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን ማስረጃውን የማስመርመር መብት ይሰጠዋል፤ ሰነዱ ከተሟላ በ3 ወር ውስጥ መልስ ሊሰጠው ይገባል። መልሱም «አዎን» ወይም «አይሆንም» ብቻ አይደለም። ከፊል እውቅና የሚባል አለ፤ ቢሮው ጎደለ የሚለውን ነገር በዝርዝር ጽፎ ይሰጣል፤ አመልካቹ ያንን ብቻ በሥልጠና ወይም በፈተና ያሟላል። ሐኪም እስከዚያው በጊዜያዊ ፈቃድ መሥራት ይችላል። በብዙ የእጅ ሙያዎች ደግሞ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ሥራውን ሠርቶ በማሳየት ሊመዘን ይችላል፤ ኤሌክትሪሺያኑ መስመር ዘርግቶ፣ መካኒኩ ሞተር ፈትቶ ገጥሞ። የጀርመንኛ ቋንቋ ፈተናው ከባድ ነው፤ የየክልሉ ቢሮም ፍጥነት ይለያያል፤ መርሑ ግን ትክክለኛው መርሕ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከዚህ በተለየ ሰነዱን ከምንጩ በሚያጣራ ኩባንያና በኮምፒውተር ፈተና ላይ ይተማመናሉ፤ ዱባይ ወይም ሪያድ ለመሥራት ያመለከተ ነርስ የቀድሞ አሠሪዎቹ ሳይቀሩ ይጠየቃሉ።

በአገሮች መካከል ደግሞ ስምምነቶች አሉ። በ1997 የተፈረመው የሊዝበን ኮንቬንሽን የማስረዳቱን ሸክም ወደ መርማሪው አዙሮታል፤ ቢሮው ማስረጃውን የማይቀበለው መሠረታዊ ልዩነት መኖሩን ማሳየት ከቻለ ብቻ ነው፤ ሰነዳቸውን ማቅረብ ለማይችሉ ስደተኞችም መንገድ እንዲፈለግ ያዝዛል። በዚህ መነሻነት የአውሮፓ ምክር ቤት ከ2017 ጀምሮ ለስደተኞች የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት መስጠት ጀምሯል፤ ያለውን ሰነድ አይተው፣ ባለሙያውን በቃለ መጠይቅ መርምረው የሚሰጡት ነው። አሜሪካ የሊዝበኑን ኮንቬንሽን ፈርማለች፤ አላጸደቀችውም። የአፍሪካው አቻ ስምምነት የወጣው በ2014 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ በከተማዋ ስም ይጠራል፤ በ2019 መጨረሻም በሥራ ላይ ውሏል። ዓለም አቀፉ የዩኔስኮ ኮንቬንሽን በ2023 ተከትሏል። ስምምነቶቹ የሚመለከቱት በዋናነት የትምህርት ማስረጃን ነው፤ የሙያ ፈቃድን በቀጥታ አይሰጡም።

የመጨረሻው ጉዳይ የኢትዮጵያ ድርሻ ነው። ከውጭ ተምሮ የሚመለስ ሰው ማስረጃውን የሚያቀርበው ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ አቻ ግምት የሚሰጠው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ከሌላው የምትጠይቀውን ፍጥነትና ግልጽነት ለተመላሾቿ ብትሰጥ ለራሷ ዜጎች የምትከራከርበት ድምፅ ይጠነክራል። ከዚህ ይልቅ ቶሎ ውጤት የሚያመጣው የሬጅስትራሮቹ ሥራ ነው። ትራንስክሪፕት በውክልናና በሰልፍ መሆኑ ቀርቶ በኤሌክትሮኒክ መንገድ በቀጥታ ለገምጋሚው ቢላክ፣ ሰነዱ ላይ ሦስቱም ስም በፓስፖርቱ ፊደል ቢጻፍ፣ ዘመኑ በሁለቱም አቆጣጠር ቢሰፍር፣ የልምምድ ሰዓቶች በየትምህርቱ ቢዘረዘሩ፣ የወጪ መጋራት ክፍያ ውጭ አገር ሆኖ የሚፈጸምበት መንገድ ቢመቻች፣ ከላይ ከተዘረዘሩት መሰናክሎች ብዙዎቹ አሜሪካ አንድም ሕግ ሳትለውጥ ይቃለላሉ።

አዲስ መነሻም ተገኝቷል። የጤና ባለሙያዎች የፈቃድ ፈተና ከ2019 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል፤ በ2023 ደግሞ የመውጫ ፈተና ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሆኗል። ይህ ውጤት ከትራንስክሪፕቱ ጋር አብሮ ቢላክ የቨርጂኒያ ወይም የበርሊን መርማሪ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ፊቱ ሲቀርብ ከሌሎቹ ጋር የሚያስተያይበት አንድ የጋራ መለኪያ ይኖረዋል።